ሁለት ዙር ላባ

ዓሣ ማጥመድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መረብ ነው። የገሊላዎቹ አጥማጆች በመረብ ይሠሩ ነበር፤ በጣናና በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሉ ወንድሞቻችንም ቆሮሶውንና አምባዛውን በአብዛኛው የሚያወጡት በመረብ ነው። በአራቱ ወንጌላት ውስጥ መንጠቆ ተጥሎ ዓሣ ሲወጣ የምናነበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ጴጥሮስ የቤተ መቅደሱን ግብር ሊከፍል ወደ ባሕር የተላከ ዕለት ነው። በመንጠቆው ላይ ምን እንደ ሰካበት አልተጻፈልንም። ትል ይሁን ሊጥ፣ እንጃ። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ትልም ሊጥም ስለማይሰካበት መንጠቆ ነው። በዚህኛው ላይ የሚታሰርበት የበግ ጠጉርና የዶሮ ላባ ብቻ ነው።

“እኅቴ፣ መንዝ ተቀምጠሽ ስለ ዓሣ ማውራት ከየት መጣ?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔና ባለቤቴ ባሌ ውስጥ ባገለገልንባቸው ዓመታት ነው የተማርነው። ያስተማረን ሰው ዘንጉን ይዞ ወንዝ ለወንዝ የሚውል እንግዳ ነበር። መጀመሪያ ያሳየንን ነገር ስናይ ሁለታችንም ሳቅን። የገብስ ፍሬ የምታህል ነገር፣ ዙሪያዋን ጥቂት የላባ ክር ያላት፣ አንድ ሰው ከኮቱ ላይ አራግፎ የሚጥላት ብናኝ ትመስል ነበር። አጥማጆች ይህችን “ዝንብ” ይሏታል፤ መሥራቱንም “ዝንብ ማሰር” ይሉታል። የዝንቡ ዓይነት በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ክንፍ ያለው፣ ጅራት ያለው፣ በወርቅማ ሽቦ የተጠመጠመ፣ ምኑ ቅጡ። ለእኔ ግን ከሁሉ የምትበልጥብኝ ያቺው የመጀመሪያዋ፣ “ለስላሳ ላባ” የሚሏት ናት። ክንፍ የላት፣ ጅራት የላት፤ ክር፣ ትንሽ ሱፍ፣ ሁለት ዙር ላባ፣ አለቀ።

ለመሆኑ ዓሣው ማን ነው? ትራውት ይባላል፤ የአማርኛ ስም አላገኘንለትም። የአገራችን ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች እንቁላሉን ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ተራሮች አመጡት፤ በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ ደግሞ ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞች ተሻገረ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቡናማ ሆኖ ጎኑ ላይ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣብ አለው፤ ሌላው ከጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ስለሚያልፍበት የቀስተ ደመና ስም ተሰጥቶታል። የሚወደው ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና በድንጋይ መካከል እየተንፏፏ የሚወርድ ውሃ ነው። ወብ፣ ዳንካ፣ ሻያ የሚባሉት የባሌ ወንዞች እንዲህ ያሉ ናቸው። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የማለዳው ብርድ ቁርጥ የእኛው የመንዝ ብርድ ነው። ባለቤቴ እዚያ በሄድን በመጀመሪያው ሳምንት “ይኸው ከቤታችን አልወጣንም” ብሎኝ ነበር።

አሁን ዓሣው እንዴት በጠጉርና በላባ ይታለላል ትሉ ይሆናል። በወንዝ ድንጋይ ሥር ተጣብቀው የሚያድጉ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ድንጋዩን ገልብጣችሁ ብታዩ ትርመስ ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ። ዕድሜያቸውን በአብዛኛው የሚጨርሱት እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ጊዜያቸው ሲደርስ ድንጋያቸውን ለቅቀው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የውሃው ፊት ሲደርሱ ቆዳቸውን ቀድደው ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ችግሩ ያለው በመካከል ነው። ከታችኛው ድንጋይ የለቀቀ፣ ወደ ላይኛው አየር ያልደረሰ ነፍሳ መሸሸጊያ የለውም፤ መዋኘቱም መብረሩም አይሆንለትም፤ እግሩን እያወራጨ በወራጁ ውሃ ይወሰዳል። ትራውት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሰው ዓሣው ሲዘል የሚያየው ውሃው ፊት ላይ ስለሆነ የሚበላውም እዚያ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ምግቡን የሚለቅመው ግን ከውሃው ፊት በታች ነው። ለስላሳዋ ላባ የምትመስለው ይህንኑ በመንገድ ላይ ያለ ነፍሳ ነው። ልክ እንደ እርሱ ቀለም ስላላት ብቻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ስትገባ ላባዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይተነፍሳል ማለት ይቻላል። ሕያው የሚያስመስላት እንቅስቃሴዋ ነው። ስለዚህ የላባው ልስላሴ ጌጥ አይደለም፤ ሥራው ሁሉ እርሱ ላይ ነው።

ይህ ጥበብ የትናንት እንዳይመስላችሁ። ኤልያን የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ስለ እንስሳት በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፍ፣ የመቄዶንያ ሰዎች ነጠብጣብ ያለበትን ዓሣ እንዴት እንደሚያጠምዱ እንደ ሰማው ይተርካል። ወንዙ የሚፈሰው በየት መካከል ነው ብትሉ፣ በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል ነው። እነዚህን ሁለት ከተሞች ከሐዋርያት ሥራ የማያውቅ አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም፤ ጳውሎስና ሲላስ በሌሊት የተጓዙበት አገር ነው። ኤልያን እንደሚለው ዓሣው የሚወድደውን ነፍሳ ራሱን መንጠቆ ላይ መሰካት አልተቻለም፤ የሰው እጅ ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል፣ ክንፉም ይጠወልጋል። ስለዚህ አጥማጆቹ በመንጠቆው ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ ማንቁርት ሥር የተነቀለ ሰም የመሰለ ሁለት ላባ አሠሩበት። ቀይ ሱፍ፣ ሁለት ላባ። 1800 ዓመት አልፎ ዛሬ መሐል ሜዳ ላይ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1496 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ስለ ዓሣ ማጥመድ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ታተመ። በልማድ ጸሐፊዋ ዳም ጁሊያና በርነርስ የምትባል መነኩሲት ናት ይባላል፤ ሊቃውንቱ ግን በዚህ አይስማሙም። እኔ ሴት ናት ቢሉኝ ደስ ይለኛል። መጽሐፉ 12 ዝንቦችን በየወራቸው ይዘረዝራል፤ የመጀመሪያው አካሉ ዳለቻ የበግ ጠጉር፣ ክንፉ የቆቅ ላባ ነው። ከዚያ በኋላ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር ወንዞች ዳር ያሉ ሰዎች ይህን መልክ ይዘው ቆዩ፤ ቲ. ኢ. ፕሪት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 የዮርክሻየርን ዝንቦች ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣቸው። ከእነርሱ ሁሉ ስሟ የገነነው ብርቱካናማ የሐር ክርና ቡናማ ዝንጉርጉር የቆቅ ላባ ያላት ናት። ቀጥሎ ፋሽኑ ወደ ተንሳፋፊ ዝንብ ዞረና እነዚህ የተረሱ መሰሉ፤ ሲልቬስተር ኔምስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ መለሳቸው።

እንግዲህ የበግ ጠጉርና ቆቅ ሲባል የመንዝ ሰው ጆሮው መቆሙ አይቀርም። በጋችን ጠጉራም ነው፤ ባናውም በርኖሱም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ጠጉሩ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ይሆናል። ለልብስ ሲሆን ሻካራ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። ለዝንብ ግን ሻካራነቱ ጥሩ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ስለሚወጣ ውሃ ውስጥ የነፍሳ እግር ይመስላል። ቀለም መንከርም አያስፈልግም። ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ዳለቻው ከበጉ ጀርባ ላይ እንዳለ ይገኛል። የምትፈልጉት በሁለት ጣት የምትቆነጠር ስለሆነ ለመቶ ዝንብ አንድ እፍኝ ይተርፋችኋል።

ስለ ቆቅ ግን አስቀድሜ ልናገር። ለላባዋ ብላችሁ አታጥምዷት። ጓሳን የመንዝ ሕዝብ ከአባቶቹ ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ምድር ነው፤ ሣሩም ያለ ደንብ አይታጨድም። ለአንዲት መንጠቆ የዱር ወፍ መግደል ነውር ይመስለኛል፤ ደግሞም አያስፈልግም። በየጓሯችን ገብስማ ዶሮ አለች። ዝንጉርጉር ላባዋ የቆቅን ይተካል። ልብ በሉ፣ ዶሮ ስል ሴቷን ነው። የአውራው የአንገት ላባ የሚያብረቀርቅና ደረቅ ያለ ነው፤ ለተንሳፋፊ ዝንብ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀራል እንጂ አይተነፍስም። ለመለየት ላባውን ከንፈራችሁ ላይ አሳልፉት፤ የሚኮሰኩሳችሁ ከሆነ ተዉት። ከሴቷም ቢሆን የተሻለው ከአንገቷ ዝቅ ብሎ ከትከሻዋና ከጀርባዋ ላይ ያለው ትንሹ ላባ ነው። ለበዓል ስትታረድ የፈላው ውሃ ሳይነካት በፊት ሃያ ሠላሳውን ንቀሉ፤ ሙቅ ውሃ የገባ ላባ ይጣበቃል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ከዚያ ክዳን ባለው ብርጭቆ አኑሩት። ላባና ሱፍ ያለበት ቤት ብል አይጠፋም።

የቀረው ዕቃ ቀላል ነው፤ ከአንዱ በቀር። ትንሽ ሞርሳ ከብረታ ብረት ሠሪዎች ዘንድ ይገኛል፤ ከሌለ ፒንሳ እጀታው ላይ የጎማ ቁራጭ ጠምጥሞ መንጠቆውን ነክሶ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ስለታም መቀስ፣ መርፌ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም። ክር ደግሞ የሐር ጥልፍ ክር ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ቀጭን የስፌት ክር ይበቃል። ያልተበረዘ የማር ሰምም አትርሱ። የሚያስቸግረው መንጠቆው ነው። ቁጥር 12 ወይም 14 ነው የምንፈልገው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። በእኛ ገበያ ይህን ያህል ትንሽ አታገኙም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው በፖስታ ውስጥ ሃምሳ ቢያስልክ ለዓመታት ይበቃዋል።

እስቲ እንሥራ። መጀመሪያ መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰችውን እሾህ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኟት። ዓሣውን ሳትጎዱ ለመልቀቅ ይረዳል፤ ጣታችሁ ላይ ቢገባም በቀላሉ ይወጣል፤ የተወጋ ያውቀዋል። መንጠቆውን ግንዱ አግድም እንዲሆን በሞርሳው ያዙት። ክሩን በሰሙ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት። ከቀዳዳው ትንሽ ወደ ኋላ ጀምራችሁ፣ ክሩ ክሩን እየነካ፣ ሳይደራረብ ወደ መታጠፊያው ጠምጥሙ። መታጠፊያው ሳይጀምር ቁሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀጥልና ጅራቷን ያጎብጣታል።

አሁን የበጉን ጠጉር። በጣም ትንሽ ቆንጥሩ። ከዚያ ከቆነጠራችሁት ግማሹን መልሱ። የቀረውንም እንደ ገና በግማሽ ቀንሱ። የምቀልድ አይምሰላችሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው። በሰም በተቀባው ክር ላይ በጣቶቻችሁ መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሹት። መልሳችሁ ወደ ሌላው ብታሹት የፈተላችሁት ይፈታል። ይህን ለእንዝርት ሴት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጣቷ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። የሚወጣው ፈትል ከክሩ ብዙም የማይወፍር፣ ጭጋግ የለበሰ ክር የሚመስል መሆን አለበት። ይህንን ወደ ቀዳዳው እየመለሳችሁ ጠምጥሙ። ክሩ በሱፉ መካከል ጭላንጭል ቢያሳይ አትደንግጡ፤ እንዲታይ ነው የምንፈልገው። ብርቱካናማ ክር የተጠቀመ ሰው ውሃ ሲነካው ከሱፉ ሥር ፍም የመሰለ ቀለም ሲወጣ ያያል። ከቀዳዳው አጠገብ ስትደርሱ ሱፉን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ወፈር አድርጉት። ምክንያት አለው፤ ላባው ከዚያች ጉብታ ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ውሃው ሲገፋው አካሉ ላይ አይለጠፍም።

ላባው ቀጥሎ ነው። ከሥሩ ያለውን ጥጥ መሰል ለስላሳ ንቀሉና ጣሉ። ጫፉን በአንድ እጅ ይዛችሁ የቀረውን በሌላው ወደ ኋላ ስታሹት የላባው ክሮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ርዝመታቸውን ከመንጠቆው ጋር ለኩት፤ እስከ መታጠፊያው ቢደርሱ፣ ቢበዛም ጥቂት ቢያልፉ ደግ ነው። ጫፉን ከቀዳዳው ኋላ በሁለት ሦስት ዙር ክር እሰሩ። ከዚያ የላባውን ግንድ ይዛችሁ አዙሩት፤ አንድ፣ ሁለት። እዚህ ላይ ይቁም። ሦስተኛ ዙር ማከል ያምራል፤ ላባው ይተርፋል፤ “ይህን ያህል ለፍቼ ለምን ይጣል” ያሰኛል። ሦስተኛውን ያከለ ሰው መጥረጊያ ሠርቷል። ዓይን ሲያየው ሙሉና ያማረ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ግን ላባው ላባን እየደገፈ መንቀሳቀሱን ይተዋል። ትራውት የሚነክሰውን ሳይሆን ሰው የሚያደንቀውን ዝንብ ማሰር እንዴት ቀላል ነው!

ግንዱን በክር አስራችሁ ቁረጡት። በመጨረሻ ክሩን በጣታችሁ ላይ ቀለበት አድርጋችሁ በራሱ ላይ አራት ጊዜ ጠምጥማችሁ አጥብቁ፤ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አስነኩት። ቀዳዳው እንዳይደፈን ተጠንቀቁ። ደህና መሥራታችሁን ለማወቅ ብርጭቆ ውሃ ሙሉና በክር አንጠልጥላችሁ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አድርጉት። ላባው ሲከፈትና ሲዘጋ ካያችሁ ሆኗል። ካልተከፈተ በምላጭ ፈትታችሁ መንጠቆውን ለሌላ ተጠቀሙበት።

ትንንሽ ላባ ስትጠመጥሙ ሁለት እጅ አይበቃም። አንዱ ላባውን ይዞ ሲያዞር ሌላው ክሩን መወጠር አለበት። ዘመናዊዎቹ ለዚህ የተሠራ ትንሽ መቆንጠጫ አላቸው፤ እኛ ቤት ግን መቆንጠጫው ባለቤቴ ነው። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ሱፉን አይነካም፤ እሾህ ማስተኛት፣ ሰም መቀባትና ላባ መያዝ የእርሱ ድርሻ ነው። የአገልጋይን ቤት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ምሽት ላይ ስልክ አይተኛም። አንዱ ታሟል፣ አንዱ ተጣልቷል፣ አንዱ ደግሞ ስለ እሁዱ መዘምራን ሊጠይቅ ነው። ሰውዬው ላባ ይዞ ሳለ ግን ስልኩን ማንሳት አይችልም። ቢለቀው ይፈታል! ሁለተኛዋ ዙር ታስራ እስክታልቅ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ያቺን ደቂቃ እወዳታለሁ።

ከባልና ሚስት ጋር ተቀምጬ ብዙ አይቻለሁ። “እንነጋገር” ብለው ፊት ለፊት ሲቀመጡ ቃሉ ይጠፋል፤ የሚመጣውም ክስ ይሆናል። ሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ሲሆን ግን ወሬው ራሱ እየተጎተተ ይመጣል። ቡና ስትለቅሙ፣ ምስር ስታበጥሩ አይታችሁት ይሆናል። እኔ ስለ ልጃችን ትምህርት ዓመት ሙሉ ተሸክሜው የነበረውን ሐሳብ ለባለቤቴ የነገርኩት ቀና ብሎ ሊያየኝ በማይችልበት ሰዓት ነው። መልሱን የሰጠኝ ከሦስት ዝንብ በኋላ ነበር። የቸኮለ መልስ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እገምታለሁ። ዝንብ ማሰር ትዳር ይጠግናል አልላችሁም፤ ጉዳት ያለበት ትዳር ሌላ እርዳታ ይፈልጋል። ነገር ግን እጅ የሚያስይዝ ሥራ በጋራ የሌላቸው ባለትዳሮች ብዙ መሆናቸውን ሳላነሳው ማለፍ አልፈለግሁም። ድሮ እርሷ ፈትላ እርሱ ይሸምን ነበር። ዛሬ በየገበያው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ስለ ሞላ ባናው በብዙ ቤት ተትቷል፤ ከእርሱ ጋር ያ አብሮ መቀመጥም ሄዷል።

በዚህ ምክንያት “ታዲያ ይሄ ለእናቶች ገቢ አይሆንም?” ብላ አንዲት እኅት ጠይቃኛለች። እውነቱን ልናገር። በኬንያ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የቆየ ዝንብ የማሰር ሥራ አለ። ብዙ ሴቶች በቀን በደርዘን እየቆጠሩ ያስራሉ፤ ወደ አውሮፓና አሜሪካም ይላካል። ስለዚህ ለአፍሪካ ሴት እጅ እንግዳ ሙያ አይደለም። የመንዝ ፈታይ ደግሞ ሌላው በወራት የሚማረውን ግማሽ ይዛ ነው የምትጀምረው። ነገር ግን ገዢ የሚፈልገው ሺሕ ዝንብ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ በቀኑ የሚደርስ ነው። መንጠቆው ከውጭ ነው፤ ለእርሱም ዶላር ያስፈልጋል። ገዢውን የሚያገናኝ ድርጅት ሳይኖር “ሥሩ፣ ትሸጣላችሁ” ብል ድሃ እናትን ማታለል ይሆናል። ለጊዜው የሚታየኝ ወደ ባሌ ለሚሄዱ እንግዶችና ለአስጎብኚዎች ጥቂት ጥቂት መሸጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጥም። ይህን ተማምና ባና መፍተሏን የምትተው ሴት እንዳትኖር።

ባሌ የመሄድ ዕድል ያገኛችሁ፣ አጠማመዱም ከአስተሳሰሩ አይከብድም። ወንዙን ተሻግራችሁ ትንሽ ወደ ታች ጣሉት፤ ከዚያ ምንም አታድርጉ። ውሃው ራሱ ይዞት እየዞረ ወደ እናንተ ዳር ያመጣዋል። ክሩ እየተወጠረ ዝንቡ ከታች ወደ ላይ ሲነሣ ነው ብዙ ጊዜ የሚነከሰው፤ ያ ከድንጋዩ የለቀቀው ነፍሳ የሚወጣበት አወጣጥ ነውና። ሲነክስ አትንጠቁ። ዘንጉን ቀስ ብሎ ማንሣት ይበቃል። የሚነጥቅ ሰው ዝንቡንም ዓሣውንም ያጣል፤ ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ማንን እንደማነሣ ያውቃል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። “ዓሣውን አምጥተን በመንዝ ወንዞች ብንጨምረውስ? ውሃችንም ቀዝቃዛ ነው” የሚሉ ወጣቶች አሉ። አይሆንም። ትራውት አዳኝ ዓሣ ነው፤ ባልተፈጠረበት ወንዝ ሲገባ ቀድመው የነበሩትን ትንንሽ ዓሦች ይጨርሳል። በሌሶቶ ተራሮች የማሎቲ ሚኖ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ለአደጋ ከተጋለጠችባቸው ምክንያቶች አንዱ ትራውት ነው። በባሌ የሆነው ሆኗል፤ በእኛ ወንዝ ግን ያለውን እንጠብቅ።

ወደዚያ የምትጓዙ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ወንዙ እንዳትወርዱ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ዲንሾ ነው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፈቃዱን፣ ክፍያውንና የትኛው ወንዝ ላይ ማጥመድ እንደሚቻል የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው። ወፍራም ጋቢ ያዙ፤ ዝንቦቹን ደግሞ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ሱፍ አንጥፋችሁ ላባቸው እንዳይጨፈለቅ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።